መቶ ካሎሪ በተቀነሰ ቁጥር

የእህቴን ሕይወት ለማትረፍ አሥራ ሁለት ኪሎ መቀነስ ነበረብኝ። እንዲህ ሲነገር የጀግና ሥራ ይመስላል። በተግባር ግን ጠዋት ተነስቶ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ትኩር ብሎ ማየትና ሁለተኛው እንደማይመጣ ማመን ነው።

እህቴን እትዬ ነው የምላት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ሄዳ አራት አራት ሰዓት ከማሽን ጋር ተያይዛ ደሟን ታሳጥባለች። በቀሩት ቀናት ሰው ትሆናለች። ተመርምሬ የእኔ ኩላሊት ለእሷ እንደሚስማማ ሲነገረኝ እዚያው ሐኪሙ ፊት አለቀስኩ። ሐኪሙ ለቅሶዬን በትዕግሥት አስጨረሰኝና ሚዛን ላይ አወጣኝ። ዘጠና አንድ ኪሎ። ኩላሊትሽ በጣም ጥሩ ነው አለኝ፤ ግን በዚህ ክብደት ቀዶ ሕክምናው ለራስሽ ያሰጋል፣ ሰባ ዘጠኝ ስትገቢ ተመለሺ። ኩላሊቴ እንከን የለውም፣ ችግሩ ዙሪያውን የከበበው ነው ማለቱ ነበር።

አገር ቤት ቢሆን ይህ ውፍረት «ተመችቶሻል» ያሰኛል። እኔም ኦስሎ ተመችቶኛል እያልኩ ለዓመታት ስኖር፣ የተመቸኝ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ፋይል ውስጥ «አደጋ» ተብሎ ተጻፈ።

ሴንትሩም፣ መሀል ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ፣ ወደ ምግብ ባለሙያ ተላክሁ። ወጣት ኖርዌጂያዊት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ የተላጠ ካሮት በፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጣል፤ ማንም ሳያስገድዳት ትበላዋለች። በቀን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ካሎሪ ፈቀደችልኝ። ከዚያ ባዶ ደብተር ሰጠችኝና «ወደ አፍሽ የገባውን ሁሉ ጻፊ» አለች። «ሁሉንም።»

በሆዴ ሳቅሁባት። እኔ ፉሩሴት የሚባል ሰፈር ባለ ሲከየም፣ ማለትም በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ምግብ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስንት ማንኪያ ገንፎ፣ ስንት ኩባያ ጭማቂ፣ ዓሣውን በልተው ድንቹን ትተዋል፣ ድንቹን በልተው ዓሣውን ትተዋል። አበላለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። አለቃዬ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «አጻጻፍ ከእሷ ተማሩ» ብላ ወደ እኔ ነው የምትልከው። ሰው ስለ ሆዱ እንደሚዋሽ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ አልዋሽም ብዬ ጀመርኩ።

ከጥር እስከ ፋሲካ ነገሩ ቀላል ነበር። ሁዳዴም አገዘኝ። ስምንት ኪሎ ተኩል ወረደልኝ፤ ቀሚሶቼ ሰፉ፣ ቀለበቴ ጣቴ ላይ መዞር ጀመረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታማሚዋ እትዬ አጠገቤ ቆማ ሳለ «እግዚአብሔር ይማርሽ» የሚባለው ለእኔ ነበር። የኩላሊቱን ነገር የሚያውቁት ደግሞ «ስንት ቀረሽ?» ይላሉ። ቄሱ ይጠይቁኛል፣ መዘምራኑ ይጠይቁኛል፣ ስሜን የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ የቀረኝን ኪሎ ያውቃሉ። እትዬ ብቻ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ይሉኝታ ነው ብዬ ነበር። የሰው ኩላሊት የሚጠብቅ ሰው «ቶሎ በይ» ማለት ይከብደዋል ብዬ እንዲያውም አከበርኳት።

ከፋሲካ በኋላ ሚዛኑ ሰማንያ ሁለት ተኩል ላይ ቆመ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ሚዛኑን ከመታጠቢያ ቤት ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ኩሽና አዛወርኩት፤ ባትሪ ቀየርኩለት፤ የጆሮ ጌጤን አውልቄ ወጣሁበት። ከሰማንያ ሁለት ተኩል ንቅንቅ አላለም።

ባለሙያዋ አልደነቃትም።

«የታወቀ ነገር ነው» አለች። «ዘጠና አንድ ኪሎ የነበረው ሰውነትሽ ብዙ ይፈጅ ነበር። አሁን ትንሽ ሆነሻል፤ ትንሽ ሰውነት የሚፈልገው ትንሽ ነው። ያኔ ያከሳሽ ምግብ አሁን ባለሽበት ያቆይሻል።» እስክሪብቶዋን አነሳችና አንድ ሺህ አምስት መቶ ብላ ጻፈች።

ገባኝ፣ ግን አልተዋጠልኝም። በማንኛውም ሥራ ጎበዝ ሰው ይጨመርለታል። እኔ ስምንት ኪሎ ተኩል ጥዬ ብመጣ የማታ ዳቦዬን ነጠቁኝ። በሰኔ ሚዛኑ አሁንም ስላልተነቃነቀ አንድ ሺህ አራት መቶ ገባሁ፤ እርጎዬ ሄደ። በሐምሌ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሆነ፤ የቀረችኝ ጠዋት በደረቅ ብስኩት ላይ የማደርጋት ቡናማ አይብ ነበረች። እሷንም በአይብ መላጫው ከማሳሳቴ የተነሳ በእሷ አሻግሮ ጋዜጣ ማንበብ ይቻል ነበር። ሚዛኑ ግን እዚያው ነው።

በነዚህ ወራት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እትዬ ቤት ጎራ እላለሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አብረን እንመለሳለን። እኔ ቬስትሊ ነው የምኖረው፣ ባቡሩ የሚያልቅበት። እሷ ግን እዚያው ፉሩሴት፣ ከሲከየሙ በእግር አምስት ደቂቃ ነው ቤቷ። የእሷም ኑሮ በልክ ነበር። ሙዝ ክልክል፣ ቲማቲም ክልክል፣ ጨው ክልክል፤ ድንች ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተደፍቶ። የቀኑን ውሃ የምትጠጣባት አንዲት ስኒ ነበረቻት፤ በጥርሷ ያዝ አድርጋ እንደ መድኃኒት ትጎነጫታለች። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን እሷ የምትጠጣውን ትለካለች፣ እኔ የምበላውን እለካለሁ።

እትዬ ሁለት ድስት ነበራት። ትንሹ የራሷ ነው፣ ጨው የለሽ። ትልቁን «የእንግዳ» ትለዋለች። እኔ ሳህን አላነሳም። «በልቻለሁ፣ አጠገብሽ ልቀመጥ» እላታለሁ። እሷም በይ ብላ አትጫነኝም። ከትልቁ ድስት ትንሽ አውጥታ፣ ወሬያችንን ሳናቋርጥ፣ ጠቅለል አድርጋ ታጎርሰኛለች። ታላቅ እህት፣ ያውም የታመመች፣ እጇን ስትዘረጋ አፍ አይዘጋም። ያንን ሳላላምጥ ሌላው ይደርሳል። ሲበቃት እጇን ትታጠባለች፤ እኔ ደብተሬን አውጥቼ እጽፋለሁ፦ ሻይ፣ ያለ ስኳር፣ ዜሮ። ሕሊናዬ ንጹሕ ነበር። ሳህን አላነሳሁም፣ እጄን እንኳ አልታጠብኩም። እጁን ያልታጠበ ሰው በላ አይባልም።

ክሊኒክ ደርሼ የመጣሁ ቀን አዲሱን ቁጥር እነግራታለሁ። «አንድ ሺህ አራት መቶ አስገባችኝ» ስላት ከንፈሯን ትመጣለች።

«ትገድልሻለች ይቺ ልጅ» ትላለች። በአዘኔታዋ ልቤ ይነካ ነበር።

በነሐሴ ባለሙያዋ ደብተሬን ገጽ በገጽ አገላበጠች። የአጻጻፌን ጥራት ታደንቃለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ በታች አላወርድሽም» አለች። «ከዚህ ወዲያ የሚቀልጠው ጡንቻሽ ነው። ደግሞ በዚህ አመጋገብ መቀነስ ነበረብሽ። ያልጻፍሽው ነገር ይኖር ይሆን?»

«ኔይ፣ የለም» አልኳት። «ይህ ሥራዬ ነው።» ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ካሮቷን አስቀመጠች።

ከዚያ ቀስ ብላ ሐኪሙ የቆረጠውን ቀን ነገረችኝ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልወረድኩ የለጋሽነት ፋይሌ ይዘጋል። እትዬ ከሞተ ሰው ኩላሊት በሚጠብቁት ወረፋ ብቻ ትቀራለች፤ ወረፋው ደግሞ መቼ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። በዚያ ሰሞን ክንዷ ላይ መርፌው የሚገባበት ደም ሥር እየተበላሸ ነበር። ከማሽኑ ስትነሳ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታለች። ያን ቀን በባቡር ስመለስ እስከ ቬስትሊ ድረስ በመስኮቱ ምን እንዳየሁ ትዝ አይለኝም። ፈርቼ ነበር። እህቴ በእኔ ሆድ ምክንያት ልትሞት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

በማግስቱ ሐሙስ ነው፣ ሥራ ገባሁ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴትዮ አሉን፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የማበላቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን አንድ ሳህን ገንፎ ከነስኳሩ፣ ከነቀረፋው ጥርግ አደረጉ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ወዲያው ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች።

«ማማ፣ በላሽ?»

«ኔይ» አሉ ሴትዮዋ። «ዛሬ ምንም አልበላሁም።»

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። በዚያ ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ሙያዬ መነካቱ ነውና ፎርሙን ይዤ ተንደረደርኩ። አንድ ሙሉ ሳህን፣ ሰዓቱ ይኸው፣ ፊርማዬ ይኸው። ሴትዮዋ ወረቀቱን አዩ፣ እኔንም አዩ፣ ነገሩ ያልገባኝ ሰው መሆኔን ተረዱ።

«እኔ አልበላሁም» አሉ ረጋ ብለው። «እሷ ናት ያበላችኝ።»

ልጃቸው ሳቀች። እኔ ፎርሙን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሴትዮዋ አልዋሹም ነበር። እንደ እኔው ሳህን አላነሱም፣ እጃቸውን አልታጠቡም። እኔ ለእሳቸው እያንዳንዷን ማንኪያ ስጽፍ ኖሬ፣ ለራሴ «ሻይ፣ ዜሮ» እያልኩ እፈርም ነበር።

የምሳ ዳቦዬን የምመዝንባት ትንሽ ሚዛን ከቦርሳዬ ተለይታ አታውቅም። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ እትዬ ቤት ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው ተቀመጥን፣ እንደ ሁልጊዜው የመጀመሪያውን ጠቀለለች። ሚዛኗን ከፊቷ አስቀመጥኩ።

«እዚህ ላይ አድርጊው።»

እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ አስቀመጠችው። ሰማንያ ስድስት ግራም። ተነስቼ የትልቁን ድስት ክዳን ከፈትኩ። በሰኔ ጾም እንኳ፣ ጾሙን ለቄሶች ትተን፣ ከዚህ ድስት ስጎርስ ከርሜያለሁ፤ ውስጡን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ከላይ ቅቤው አንድ ጣት ሆኖ ተንሳፍፏል።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። «ይህን ያህል ነው እንዴ?» ትላለች ብዬ ነበር።

«ገና አሁን ነው የገባሽ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«መጀመሪያ ሁለት ነበር የማጎርስሽ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ስትገቢ ሦስት አደረግኩት። መቶ በተቀነሰብሽ ቁጥር አንድ እጨምራለሁ። አሁን አምስት ነው።» የሚዛኗን ቁጥር አየት አደረገችው። «በሳምንት ሦስት ቀን ከነርሶች ጋር ስውል ካሎሪ የምትቆጥሪ አንቺ ብቻ መሰለሽ?»

የኖርዌይን ሕክምና ከነሐኪሙ፣ ከነባለሙያዋ አንዲት ታማሚ ሴት በአንድ ድስት ስትመክተው ከርማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኮራባት ነበር። ያን ቀን ግን በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። የማታ ዳቦዬ ታየኝ። እርጎዬ ታየኝ። ያቺ ምስኪን አይብ ታየችኝ።

«ለምን?» አልኳት።

«ደህና ሰው ቢላዋ ሥር አይተኛም። እማማ ስትሞት ስድስት ዓመትሽ ነበር። አልበላም ብለሽ አፍሽን ስትገጥሚ በጉርሻ ነው ያሳደግኩሽ። አሳድጌ አሳድጌ አሁን መልሼ ልብላሽ?»

«አልፈልግም ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«ኔይ» አልኩ። እውነት ነበር፣ እሱም አናደደኝ።

ቦርሳዬንና ሚዛኔን አነሳሁ። በሩ ጋ ደርሼ ዞርኩ። «እሺ፣ አንቺ ሙቺና እኔ ወፍሬ ልቅር» አልኳት። «ቀብርሽ ላይ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ተኩል ሆኜ እቆማለሁ። ሰው ሁሉ ተመችቶሻል ይለኛል።» ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ልናገር አስቤ አልነበረም። «እኔ ካንቺ ሌላ ማንም የለኝም፣ እትዬ። አፌን ብገጥም ክፈቺ የሚለኝ ሰው የለኝም።»

ስኒዋን አንስታ በውስጧ የቀረውን ውሃ ታይ ነበር። ቬስትሊ ከደረስኩ በኋላ ነው ደብተሬን ጠረጴዛዋ ላይ ረስቼ መውጣቴን ያወቅሁት።

ዓርብ ዕለት ለባለሙያዋ ደውዬ ተናዘዝኩ። ጉርሻ ምንድን ነው አለችኝ። ሰው በእጁ ጠቅልሎ አፍሽ ውስጥ የሚያስገባልሽ ምግብ ነው አልኳት። «አዋቂ ሰው ነሽ አይደል?» አለች። ጃ፣ አዎ፣ አርባ አምስት ዓመቴ ነው አልኩ። «እና አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም ብትያትስ?» ይህን በስልክ ማስረዳት አይቻልም። በመጨረሻ ግን እሷው መፍትሔ አመጣች። ይህን ሁሉ ከደመርን ረሃቡ በከንቱ ነበር አለች፤ የቀን ድርሻዬን ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ መልሳ ከፍ አደረገችው። «ለዚያ ለእጅ ምግብም ትንሽ ቦታ ትተሽ፣ መዝነሽ ጻፊው።» ሦስት ወር ዋሽቼ ሲቀነስብኝ ኖሮ እውነቱን ስናገር ተጨመረልኝ።

ቅዳሜ እትዬ ቤት አልሄድኩም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትቀር ግን ኩራቴ አልቆየም፤ ቅዳሴው እንዳለቀ ፉሩሴት ወረድኩ። በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ገባች፣ ተከተልኳት። ምድጃው ላይ አንድ ድስት ብቻ ነበር፣ ትንሹ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከፋሲካ ወዲህ «ሻይ፣ ያለ ስኳር፣ ዜሮ» ባልኩበት ሁሉ፣ ከሥሩ፣ በዚያ ትልልቅ የእጅ ጽሕፈቷ ሞልታዋለች፦ ጉርሻ ሁለት፣ ከነቅቤው። ጉርሻ ሦስት፣ ከነቅቤው። አንድ ቀን አልዘለለችም። ከእትዬ አፍ ይቅርታ የሚባል ነገር ወጥቶ አያውቅም፣ ያን ቀንም አልወጣም።

«ዓርብ ማሽኑ ላይ ሆኜ አሰብኩ» አለች ጀርባዋን ሰጥታኝ። «ቆርጠዋት ብትሞትብኝስ ብዬ ነበር የምፈራው። እኔ ስሞትብሽ የምትሆኚውን አላሰብኩትም ነበር።»

ተቀመጥኩ። እሷም እጇን ታጥባ መጣችና «አምጫት» አለች። ሚዛኗን አወጣሁ። ከትንሹ ድስት፣ ጨው ከሌለው ቅቤ ከሌለው፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጠቅልላ አስቀመጠች።

«ስንት ትላለች?»

«አሥራ አንድ ግራም።»

«ጻፊው።»

ጻፍኩ። አጎረሰችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጣዕም የሌለው ነገር በልቼ አላውቅም፣ ግን እንዳያልቅብኝ ቀስ ብዬ አላመጥኩት። እሷ እስክውጥ ድረስ አየችኝ።

«ስንት ቀረሽ?» አለችኝ።

ከጥር ጀምሮ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሦስት ኪሎ ተኩል።»

ራሷን ነቀነቀች። ተነሳችና እንጀራውን አጣጥፋ፣ ድስቱን ከድና፣ ምግቡን በሙሉ ከፊቴ አነሳች። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስታጎርሰኝ የኖረችው እህቴ ከፊቴ ምግብ ስታነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።